ቁልቁለቱ በየት በኩል ነበር?

ባለፈው ሳምንት ስለ ማኅበራችን ምርጫ የጀመርኩትን ወግ ዛሬ እቀጥላለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ይቅርታችሁን እየጠየቅሁ ለሚመጣው ሳምንት አሳድሬዋለሁ። ማኅበራችን እንደሆነ የትም አይሄድም፤ እየተጨቃጨቀ ይጠብቀናል። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ጎልፍ ነው። "ደግሞ ጎልፍ! ይኼ ሰውዬ ሳይነግረን ሀብታም ሆነ እንዴ?" እንዳትሉኝ። ዱላውን በእጄ ጨብጬው አላውቅም። የማወራውም ሣር ላይ ስለሚጫወቱት ጎልፍ ሳይሆን ኮምፒዩተር ውስጥ ስላለው ነው። ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ እኛው ሰፈር ይወስደናል።

እናላችሁ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ታናሽ እኅቴ ቤት ራት ተጋብዤ ሄድኩ። "ልጁስ የታለ?" ብዬ ጠየቅኋት። "ምድር ቤት ነው፤ እያጠና ነው" አለችኝ ኩራት በተቀላቀለበት ድምፅ። ልጁ እዚሁ አሜሪካን አገር ተወልዶ ያደገ፣ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት የደረሰ ነው። ሳመኝ፣ "ጋሼ" ይለኛል፤ አንቱታ የሚባለውን ግን ማንም አላስተማረውም። ወርጄ ባየው ኮምፒዩተሩ ፊት ተጎልቶ አንዲት የሣር ጉብታ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ያደርጋል።

"ምንድን ነው የምትሠራው?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ይቺን ጉብታ እያስተካከልኩ ነው። ሃያ ሴንቲ ሜትር ተሳስቻለሁ።"

"የምን ጉብታ?"

"የሰባተኛው ጉድጓድ ጉብታ። እኔና ጓደኛዬ የምንጫወትበት የከተማው ሜዳ አለ አይደል? እሱን እየሠራሁ ነው። እንዳለ። ቁጭ።"

"ከጀመርክ ስንት ጊዜህ ነው?"

"ሦስት ወር።"

ሦስት ወር! በሦስት ወር ጤፍ ተዘርቶ ይታጨዳል። "ሜዳው እኮ ከዚህ አሥር ደቂቃ በመኪና ነው። ለምን ሄደህ እዚያው አትጫወትም?" ብለው፣ ልጁ እንደ ሞኝ አየኝና "ጋሼ፣ እሱ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው" አለኝ። እኔም ለእናቱ ላሳጣው ብዬ ወደ ላይ መውጣት ጀምሬ ነበር፤ ግን የሆነ ነገር መለሰኝና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ያን ማታ ራቱ ቀዘቀዘ።

በመጀመሪያ ጎልፍን ለማያውቅ ሰው በሁለት ቃል ልንገር። እኛ በገና ጨዋታ ያደግን ሰዎች ዱላና ሩር እንግዳ አይሆኑብንም። አዲስ አበባ ሳለን የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ጎልፍ ይጫወታሉ ሲባል እንሰማ ነበር እንጂ በአጥር ሾልቆ ያየ ብዙ አልነበረም። የፈረንጁ ጨዋታ ግፊያ የለበትም። እያንዳንዱ የራሱን ኳስ በዱላ እየመታ 10.8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት ነው። አንድ ሙሉ ሜዳ እንዲህ ያሉ 18 ጉድጓዶች አሉት። የእግር ኳስ ሜዳ የትም አገር ሄዳችሁ ያው አራት ማዕዘን ነው፤ የጎልፍ ሜዳ ግን ሁለት አንድ ዓይነት የለም። አንዱ ገደል ላይ ነው፣ አንዱ ጫካ ውስጥ፣ አንዱ ባሕር ዳር። ጨዋታው ከሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ከመሬቱ ጋርም ነው። የኮምፒዩተር ጎልፍ የሚሠሩ ኩባንያዎችም ገና ከጅምሩ የገባቸው ይኸው ነው፤ ገዢው የሚፈልገው ዱላውን ሳይሆን ሜዳውን ነው።

እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። በ1990 ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ የነበረ አክሰስ ሶፍትዌር የተባለ ኩባንያ "ሊንክስ" የሚባል ጨዋታ አወጣ። ውስጡ የነበረው ሜዳ ካሊፎርኒያ ያለው ቶሪ ፓይንስ ነው፤ እውነተኛ፣ ሰው ሄዶ የሚጫወትበት ሜዳ። ኩባንያው ዛፉን ሁሉ ፎቶ እያነሣ ኮምፒዩተር ውስጥ ከተተው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ታዋቂ ሜዳዎችን በዲስክ እየለየ ይሸጥ ጀመር። ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1989 ቲ ኤንድ ኢ ሶፍት የተባለ የጃፓን ኩባንያ ጆርጂያ ያለውን ዝነኛውን የኦገስታ ሜዳ ለጃፓኖች በኮምፒዩተር አቅርቦላቸው ነበር። ኦገስታ የግል ክለብ ነው፤ ካልተጋበዙ በቀር አይረገጥም። ስለዚህ ቶኪዮ ያለው ሠራተኛ ማታ ቤቱ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ በሕይወቱ የማይረግጠውን ሜዳ ይጫወትበት ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ ደግሞ ኩባንያዎቹ መሣሪያውን ለሕዝቡ ለቀቁት። በ1990 በጎልፍ ተጫዋቹ በጃክ ኒክላውስ ስም የወጣ ጨዋታ ሜዳ መንደፊያ ነበረው። ማይክሮሶፍት አክሰስን በ1999 ገዝቶ ያወጣው "ሊንክስ 2001"ም እንዲሁ። በ2014 ካናዳ ውስጥ ያለው ኤች ቢ ስቱዲዮስ "ዘ ጎልፍ ክለብ" የሚባለውን ሲያወጣ፣ ማንም ሰው ሜዳ ሠርቶ ለሌላው በነፃ ማካፈል ቻለ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የፈነዳው። አንዱ ከሐሳቡ ፈጥሮ ይነድፋል፤ ሌላው ግን እንደ እኅቴ ልጅ ያለውን፣ የሚያውቀውን፣ የልጅነቱን ሜዳ ይቀዳል። ደመወዝ የለው፣ ሽልማት የለው። ክለቡ በስሜ እከሳለሁ እንዳይል ስሙን ትንሽ ጠምዘዝ አድርገው ሌላ ስም ይሰጡታል።

"ታዲያ እንዴት ነው የምትቀዱት? ፎቶ እያነሣችሁ ነው?" አልኩት ልጁን።

"ፎቶ ቁልቁለት አያውቅም፣ ጋሼ" አለኝ።

ይቺን ንግግር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ። ልጁ የነገረኝ እንዲህ ነው። የኦገስታን ሜዳ በየዓመቱ በሚያዝያ ወር በቴሌቪዥን ያየ ሰው ጠረጴዛ የመሰለ ሜዳ ይመስለዋል። ሄዶ የረገጠ ሁሉ የሚደነግጠው በዳገቱ ነው። አሥረኛው ጉድጓድ ከመነሻው እስከ መድረሻው ወደ 30 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ካሜራ ይህን አይናገርም። የቀድሞዎቹ ቀጂዎች ከፎቶ ብቻ እየገመቱ ሲሠሩ ሜዳው ዛፉም ሣሩም ተመሳስሎ ኳሱ ግን እንደ እውነተኛው አይንከባለልም ነበር። የጎልፍ ኳስ ደግሞ አይዋሽም፤ የአምስት ሴንቲ ሜትር ዝንባሌ ጉድጓዷን ያስታል። ኢኤ ስፖርትስ በ2011 ኦገስታን በጨዋታው ውስጥ ሲያስገባ መሬቱን በሌዘር ያስለካው ለዚህ ነው።

ኩባንያው ገንዘብ አለው፤ የእኅቴ ልጅስ? እሱ ደግሞ መንግሥት አለለት። እዚህ አገር የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤቱ ላይዳር በሚባል ዘዴ አገሩን ያስለካል። አውሮፕላን ከላይ እየበረረ በሴኮንድ በመቶ ሺህ የሚቆጠር የብርሃን ምት ወደ መሬት ይተኩሳል። ብርሃኑ መሬት ነክቶ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ተቆጥሮ ከፍታው ይሰላል። ስሕተቱ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዛፍ ካለ አንዱ ምት ቅጠሉን ይነካል፣ ሌላው በቅጠሎቹ መካከል ሾልኮ አፈሩን ይነካል፤ ስለዚህ ዛፉን አንሥተህ ከሥሩ ያለውን መሬት ራቁቱን ማየት ትችላለህ። ይህ ሁሉ ለጎርፍ ጥናት፣ ለመንገድ ሥራ ታስቦ የተለካ ነው፤ ለሕዝብም በነፃ ይሰጣል። ልጁ ወስዶ ጎልፍ ሠራበት። በዚያ ላይ ከሰማይ የተነሣውን ፎቶ እንደ ጨርቅ ያለብሰዋል። ከዚያ የአሸዋ ጉድጓዱን ዳር ዳሩን በእጁ ይስላል፣ ዛፉን አንድ በአንድ ይተክላል። ቀሪውን በእግሩ ሄዶ ያያል። ያቺ የሃያ ሴንቲ ሜትር ጉብታ የመጣችው መሬቱ ከተለካ ወዲህ የሜዳው ሠራተኞች አፈር ስለጨመሩባት ነው። ልጁ ይህን ያወቀው ሄዶ ከቆመባት በኋላ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩን እንደ ልጅ ጨዋታ ነበር ያየሁት። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ልጁ ስለ ሊዶ ሲያወራኝ ነው። ከዚያ በኋላ እኔም ራሴ እያፈላለግሁ አነበብኩ፤ ለእናንተም ሳላካፍል ባልፍ ሆዴን ይቆርጠኛል።

ቻርልስ ብሌር ማክዶናልድ የሚባል ሰው ነበር። በ1872 የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ከቺካጎ ወደ ስኮትላንድ፣ አያቱ ዘንድ ለትምህርት ተላከ። ከተማዋ ሴንት አንድሩስ ናት፤ የጎልፍ እናት የምትባለው። ልጁ ትምህርቱንም ተማረ፣ ጎልፍንም ለከፈው። በ1874 ወደ ቺካጎ ሲመለስ አሜሪካን አገር ውስጥ ጎልፍ የሚባል ነገር የለም። ሜዳም የለ፣ ጓደኛም የለ። ያን ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ "የጨለማ ዘመን" ብሎታል። እኔና እናንተ ይህ ስሜት ይገባናል። የለመዱትን ነገር የሚያውቅ ሰው በሌለበት አገር መኖር ምን እንደሚመስል ለእኛ ማን ይነግረናል?

ማክዶናልድ ግን እንደ እኛ ቡና ላይ ተቀምጦ ሲቆጭ አልኖረም። ቺካጎ አጠገብ የአገሩን የመጀመሪያውን ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ሠራ። በ1895 የመጀመሪያውን የአሜሪካ የአማተሮች ሻምፒዮና ራሱ አሸነፈ። ከዚያ ደግሞ ወደ እንግሊዝና ስኮትላንድ እየተመላለሰ የታወቁትን ጉድጓዶች እያጠና፣ እየለካ፣ እየሳለ ተመለሰ። በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ላይ በሠራው ሜዳ የሴንት አንድሩስን አንድ፣ የኖርዝ ቤሪክን አንድ፣ የፕሬስትዊክን አንድ እያለ የናፈቃቸውን ሁሉ በአንድ ላይ ሰበሰባቸው። እንግዲህ እውነተኛ ሜዳን መቅዳት የኮምፒዩተር ልጆች የፈጠሩት ነገር አይደለም፤ ናፍቆት ያለበት ሰው ሁሉ ሥራ ነው።

የሰውዬው ትልቁ ሥራ ሊዶ ነው። በ1914 እዚያው ሎንግ አይላንድ፣ ሎንግ ቢች ከሚባለው ከተማ አጠገብ፣ አትላንቲክ ዳር ያለ ረግረግ መሬት ላይ ተጀመረ። ሴት ሬይነር የሚባል መሐንዲስ አብሮት ነበር። ከባሕሩ ሰርጥ ወደ 2 ሚሊዮን ኪዩቢክ ያርድ የሚጠጋ አሸዋ በቧንቧ እየሳቡ ረግረጉ ላይ ደፉት፤ ዳገቱም፣ ቁልቁለቱም፣ ጉብታውም ሁሉ በሰው እጅ የተሠራ ነው። የመጨረሻውን ጉድጓድ ንድፍ ለማግኘት ደግሞ "ካንትሪ ላይፍ" በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ውድድር ወጣ። ያሸነፈው ያን ጊዜ ብዙም ስም ያልነበረው አሊስተር ማኬንዚ የሚባል ሐኪም ነው። ይህ ሐኪም በኋላ ከቦቢ ጆንስ ጋር ሆኖ ኦገስታን የነደፈው ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ውድድር በመጋቢት 1934 ሲካሄድ ግን እሱ በጥር ወር አርፎ ነበር፤ ሳያየው ቀረ።

ሊዶ በ1917 ተከፈተ። በዘመኑ ያዩት ሁሉ በዓለም ላይ ካሉት ምርጦች አንዱ ነው ብለው ጻፉለት። ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። የኢኮኖሚ ውድቀቱ መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቦታውን ለራሱ ወሰደው። ሜዳው ጠፋ። በኋላ በአቅራቢያው ስሙን የወረሰ ሌላ ሜዳ ተሠራ እንጂ የማክዶናልድ ሊዶ ከመሬት ላይ ተደመሰሰ። ላይዳር የሚለካው ነገር የለም። የተጫወቱበትም አንድ በአንድ አለቁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ፒተር ፍሎሪ የሚባል በቺካጎ አካባቢ የሚኖር ሰው ተነሣ። ሥራው የፋይናንስ አማካሪነት ነው። በትርፍ ጊዜው የሊዶን የድሮ ፎቶዎች፣ ከአውሮፕላን የተነሡትን፣ በጋዜጣና በመጽሔት የወጡትን፣ ካርታውንና በጽሑፍ የቀረውን ሁሉ ሰብስቦ ቅድም በነገርኳችሁ "ዘ ጎልፍ ክለብ" በሚባለው ጨዋታ ውስጥ ሜዳውን እንደገና ይሠራው ጀመር። ልጁ ሲያስረዳኝ፣ እንዲህ ላለው ሥራ ከባዱ ፎቶውን ማግኘት ሳይሆን ፎቶዎቹን ማስታረቅ ነው። አንዱ ፎቶ ላይ ዝቅ ያለ የሚመስለው ጉብታ በሌላው አቅጣጫ ሲታይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ፀሐይዋ የት እንደነበረች ከታወቀ ከጥላው ርዝመት ቁመቱን ማስላት ይቻላል። አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይበላሻል፤ ሁሉም እስኪስማሙ ድረስ እየተመለሱ መሥራት ነው። ሲጨርስ ለሰው አካፈለው፤ ሰዎችም ሰባ ዓመት ሙሉ ማንም ያልረገጠውን ሜዳ በኮምፒዩተር ተጫወቱበት።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ልጄ ሆይ ደግ ነው ብዬ ወደ ራቴ እሄድ ነበር። ግን አላበቃም። ዊስኮንሲን ውስጥ ሳንድ ቫሊ የሚባል የጎልፍ መዝናኛ ያላቸው የካይዘር ቤተሰቦች ይህን አይተው "ለምን በእውነተኛው መሬት ላይ አንሠራውም?" አሉ። ቶም ዶክ የሚባለውን የታወቀ ነዳፊ ቀጠሩ። ኮምፒዩተር ውስጥ የነበረው ሜዳ ወደ መሬት ልኬት ተቀየረና በሳተላይት ለሚመሩ ቡልዶዘሮች ተሰጠ። ቡልዶዘሩ አፈሩን የቆረጠው ጨዋታው ውስጥ ያለውን ከፍታ እየተከተለ ነው። በ2023 ሊዶ ተከፈተ። ከመሬት የጠፋው ሜዳ በፎቶ፣ በጨዋታ አልፎ ወደ መሬት ተመለሰ።

አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል። ባሕሩ የለም። ዊስኮንሲን ከአትላንቲክ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ማክዶናልድ ማዕበሉን እያየ ይመታ የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ የቆመ ሰው የሚያየው አሸዋና የጥድ ዛፍ ነው።

"ታዲያ ባሕር ከሌለው ሊዶ ነው ይባላል?" ብዬ ልጁን ሞገትኩት።

"ቁልቁለቱ ትክክል ነው" አለኝ። ትንሽ ዝም አለና ደግሞ "ጋሼ፣ አንተና እማዬ ሁልጊዜ የምታወሩት ሰፈር ፈርሷል አይደል? ፎቶውን አምጡልኝ፤ እሠራላችኋለሁ" አለ።

ውድ አንባብያን፤ ከዚህ በኋላ ያለው ውርደት የእኔ ነው።

ሰፈራችን ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ነበር። በ2024 ፒያሳና አካባቢው ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። መፍረሱ ደግ ነው ክፉ ነው እያልን በየቡና ቤቱ ስንጨቃጨቅ ከርመናል፤ ዛሬ ወደዚያ አልገባም። እኔ በዚያ ሰሞን እንባዬን እየጠረግሁ ለወዳጆቼ ሁሉ "እያንዳንዷ ድንጋይ በልቤ ተስላለች" እያልኩ ስደሰኩር ነበር። ልጁ ወረቀትና እርሳስ ሰጠኝ። "እሺ ሳልልኝ" አለ።

በራችንን ሳልኩ። መንገዱን ሳልኩ። ወፍጮ ቤቱን ሳልኩ። "ከበራችሁ እስከ ወፍጮ ቤቱ ስንት ሜትር ነው?" ሲለኝ ዝም። "መንገዱ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ይታጠፋል?" ዝም። "እሺ፣ ዳገት ነው ቁልቁለት?" "ቁልቁለት!" አልኩ በእርግጠኝነት። እየሮጥኩ ስወርድ ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ሲያፏጭ ዛሬም ይሰማኛል። እናቱ ያን ጊዜ ሕፃን ስለነበረች ዳኛ ልትሆን አልቻለችም። በማግስቱ ስቶክሆልም ለምትኖረው ለታላቅ እኅታችን ደወልኩ።

"እትዬ፣ ከበራችን ወደ ወፍጮ ቤቱ ስንሄድ ቁልቁለት ነበር አይደል?"

"የምን ቁልቁለት! ዳገት ነበር እንጂ። ያውም ወገብ የሚቆርጥ ዳገት።"

"እኔ እኮ ስሮጥ ትዝ ይለኛል።"

"አንተማ ትሮጣለህ! እህሉን ማን ተሸክሞት ነበርና? ዱቄቱ ተፈጭቶ ስንመለስ ጥለኸኝ እየሮጥክ ቀድመኸኝ ትገባ ነበር።"

ልጁ በበኩሉ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በየካቲት 2000 ኢንደቨር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ለ11 ቀን ዓለምን እየዞረች የመሬቱን ከፍታ በራዳር ለክታ ነበር። ልኬቱ ዛሬ ለማንም በነፃ ይገኛል፤ የእኛም ሰፈር ቤቶቹ ሳይፈርሱ በፊት እንደነበረ በዚያ ውስጥ አለ። ልጁ አወጣውና አሳየኝ። ወፍጮ ቤቱ ከበራችን 14 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ራዳሩ የቤት ጣሪያ ስለሚቆጥር ትንሽ ስሕተት አይጠፋውም፤ ግን ወደ የትኛው በኩል እንደሚወርድ አያጠራጥርም። እትዬ ትክክል ናት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተሸከመችው እሷ፣ የደሰኮርኩት እኔ።

ይሁን እንጂ የመንኮራኩሯ ልኬት በየ30 ሜትሩ አንድ ነጥብ ነው። የጎልፍ ሜዳ የሚለካው በሴንቲ ሜትር ነው ብያችኋለሁ። የእኛ ሰፈር በሙሉ በዚያ ልኬት ላይ ጥቂት ነጥቦች ናት። ቦዩ፣ ደረጃው፣ የቧንቧው ቦታ፣ የአጥሩ መጠምዘዣ የለም። ቀሪው ከሰው መምጣት አለበት።

ፎቶ ፈለግን። በሦስታችን ቤት ያለውን ሁሉ አወጣን። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ፎቶ ቤት ውስጥ ከመጋረጃ ፊት የተነሣነው። ሁሉም ሰው ነው። ሰፈሩን ፎቶ ያነሣ አንድም ሰው የለም፤ ሰፈር ደግሞ ፎቶ ይነሣል እንዴ? ልጁ ግን ሰዎቹን ትቶ ከትከሻቸው ኋላ ይመለከት ጀመር። ከእናታችን ጀርባ የአጥር ጥግ አለ። ከአክስታችን ጀርባ ባሕር ዛፍ አለ። እትዬ በራችን ላይ ቆማ የተነሣችው አንዲት ፎቶ ተገኘች፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ62 ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ የበሩን ቁመት አሰላው። እናቴን ስንት ጊዜ እያየሁ ያለቀስኩበትን ፎቶ፣ ኋላዋ ያለውን ቆርቆሮ አይቼው አላውቅም ነበር።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝን ልንገራችሁ። የሰፈራችን አባት የሚባሉ፣ ማዘጋጃ ቤት በቀያሽነት ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሽማግሌ እዚሁ ከእኛ ሃያ ደቂቃ ርቀው ይኖሩ ነበር። በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ስለ ፖለቲካ እናወጋ ነበር። ሰፈራችንን በገመድና በመቀየሻ የለኩት ሰው ፊቴ ቆመው ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ካቢኔ ሹም ሽር ስንጨቃጨቅ! ባለፈው ክረምት አረፉ። ልጁ ይህን ሲጀምር ለልጃቸው ደወልኩ። አባቷ በካርቶን ያስቀመጡት ብዙ ወረቀት እንደነበረ ነገረችኝ። አፓርትማውን ለመልቀቅ የተሰጣቸው ጊዜ አጭር ነበር፤ አማርኛ ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱ ምን እንደሆነ የሚጠይቁት ሰው አጡ። ጣሉት። "ጋሼ፣ ጠቃሚ ነበር እንዴ?" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? "አይ፣ እንዲያው ነው" አልኳት። የምወቅሳት እሷን አይደለም። ሄጄ ካርቶኑን መክፈት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፤ ጎልፈኞቹ ለአንድ የመዝናኛ ሜዳ ይህን ያህል ከደከሙ፣ እኛ ለኖርንበት አገር ምን ያህል መድከም ይገባን ነበር? ሰፈሩ ይመለሳል ብዬ አልሰብክላችሁም። ባለ ቡልዶዘር ሀብታም መጥቶ ፒያሳን ቨርጂንያ ላይ አይሠራልንም፤ ቢሠራውም ዊስኮንሲን ላይ ባሕሩ እንደቀረ የእኛም ሰው ይቀራል። ግን ቁልቁለቱ በየት በኩል እንደነበረ ማወቅ ከውሸት ትዝታ ያድናል። ስለዚህ ሦስት ነገር ልለምናችሁ። በዚህ ሳምንት ፎቶዎቻችሁን አውጡና ከሰዎቹ ኋላ ያለውን እዩ። ከፎቶው ጀርባ የት እንደሆነና ወደ የት አቅጣጫ እንደተነሣ ጻፉበት፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉት፤ ልጆቻችሁ ያነቡት ዘንድ። ሽማግሌ ስታገኙ ፖለቲካውን ለአንድ ቀን ተዉትና የውኃ ቧንቧው የት እንደነበረ ጠይቁ።

የእኛ ሰፈር ዛሬ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለችው እንዲህ ሆና ነው፦ አንድ በር፣ አንድ የአጥር ጥግ፣ አንድ ባሕር ዛፍ፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚወጣ ዳገት። ፕሮግራሙ የጎልፍ ስለሆነ ጭቃ አያውቅም፤ መሬቱ በሙሉ ሣር ነው። ወፍጮ ቤቱ ያለበት ቦታ ላይ፣ ምን እንደሚመስል እስክንስማማ ድረስ፣ ልጁ የጎልፍ ባንዲራ ተክሎበታል። እትዬ ሥዕሉ ሲላክላት ባንዲራውን አይታ ዳገቱን አየችና "ይኸው! አላልኩህም?" አለችኝ።

አሁን የያዘን አንድ ክርክር ነው። ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት የነበረችው ሱቅ በሯ ወደ መንገዱ ነበር ወይስ ወደ ግቢው? እኔ ወደ መንገዱ ነው እላለሁ። እትዬ አይደለም ትላለች፤ እኔ ደግሞ ከእንግዲህ በእሷ ላይ መወራረድ ትቻለሁ። ከእናንተ መካከል ከዚያች ሱቅ ስኳር የገዛ ካለ በጋዜጣው አድራሻ ይጻፍልኝ። የማኅበራችንን ምርጫ ሳምንት እንጨርሰዋለን። ሰላም ሰንብቱ።